ሰፈሩን የማይለቅ ዶልፊን

 የዛሬው ዝግጅታችን ከባሕር ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ ስለሚኖር አንድ የዶልፊን ዝርያ ነው። ቦትልኖዝ ይባላል። በፊልምና በቴሌቪዥን ደጋግማችሁ ያያችሁት፣ ቆዳው ግራጫ፣ አፉ አጠር ወፈር ያለው ዶልፊን እሱ ነው። ባሕር ውስጥ ይኑር እንጂ ዓሣ አይደለም። ደመ ሞቃት ነው፤ አየር የሚስበው በሳንባው ነው፤ ወልዶ ጡት ያጠባል።

ዶልፊን ሲባል ለብዙዎቻችን በሐሳባችን የሚመጣው ውቅያኖስ የሚያቋርጥ መንገደኛ ነው። በእርግጥም ከዳርቻው ርቀው ጥልቁን ባሕር ቤታቸው ያደረጉት ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። በወሽመጥና በወንዝ አፍ አካባቢ ከሚኖሩት ብዙዎቹ ግን ተወልደው ያደጉበትን ውኃ ሳይለቁ ወልደው፣ አርጅተው ይሞታሉ። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ጠባይ ነው። ሰፈሩን የማይለቅ እንስሳ ሰፈሩ ላይ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል።

ይህንን በደንብ ያስተማረን በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኘው የሳራሶታ ወሽመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ብሌየር ኧርቪን የተባሉ ተመራማሪ በዚያ ያሉ ዶልፊኖች ላይ ምልክት እያደረጉ መከታተል ጀመሩ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ እነዚህ እንስሳት ነዋሪዎች ናቸው ወይስ አላፊዎች? ከረዳቶቻቸው አንዱ ራንዳል ዌልስ ያኔ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበሩ። ዌልስ ከዚያ ወዲህ ከዚያ ወሽመጥ አልራቁም፤ ምርምሩን ለአሥርት ዓመታት መርተውታል። በዱር የሚኖሩ ዶልፊኖችን በመከታተል በዓለም ላይ ከዚህ የረዘመ ጥናት የለም።

እንዴት ይለዩዋቸዋል ትሉ ይሆናል። በጀርባ ክንፋቸው ነው። የዶልፊን የጀርባ ክንፍ ጠርዙ ስስ ስለሆነ በግጭት፣ በንክሻ፣ በገመድ ይቀደዳል፤ ጠባሳውም አይጠፋም። የአንዱ ጫፉ ተቆርጧል፣ የሌላው ሥሩ አካባቢ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። እረኛ ከብቶቹን በመልካቸውና በቀንዳቸው እንደሚለያቸው ተመራማሪዎቹም ፎቶግራፍ እያነሱ እያንዳንዱን በክንፉ ይለያሉ። አሁን በወሽመጡ ነዋሪ የሚባሉት 170 ገደማ ናቸው፤ ከነዚህ ውስጥ እናት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ተብለው የሚቆጠሩ አሉ።

ከነዚህ ስመ ጥሯ ኒክሎ የምትባለው ሴት ናት። ዕድሜዋ የታወቀው በጥርሷ ነው። የዶልፊን ጥርስ በየዓመቱ ስስ ንብርብር ስለሚጨምር አንዱን ጥርስ በስሱ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ የሚያይ ባለሙያ ዓመቱን ይቆጥራል። ኒክሎ በ2017 ስትታይ 67 ዓመቷ ነበር። በዚሁ ወሽመጥ አንዲት ሌላ ሴት በ48 ዓመቷ ወልዳለች። ወንዶቹ ይህን ያህል አይቆዩም፤ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ብዙዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይቆራኛሉ፤ ጓደኝነቱም አብዛኛውን ጊዜ አንዱ እስኪሞት ይዘልቃል።

እርግዝናው 12 ወር ገደማ ነው። የሚወለደው አንድ ግልገል ብቻ ነው፤ ከእናቱ ጋር ከ3 እስከ 6 ዓመት ይቆያል። ይህ ሁሉ ዓመት የሚያልፈው በትምህርት ነው። የት ዓሣ እንዳለ፣ የትኛው ውኃ ጥልቅ የትኛው ጥልቀት የሌለው እንደሆነ፣ ሻርክ ከየት እንደሚመጣ የሚማረው እናቱን እየተከተለ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ግልገሉ የራሱ ብቻ የሆነ ፉጨት ያወጣል። ከእናቱ ሲራራቁ ያንን ፉጨት ያሰማል፤ እሷም የራሷን ትመልሳለች። ሌሎቹ የእሱን ፉጨት አስመስለው ሲያሰሙት መልስ የሚሰጠው ባለቤቱ እንደሆነ በ2013 የታተመ ጥናት አሳይቷል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አብረው ኖረው የተለያዩ ዶልፊኖች ከ20 ዓመት በኋላ እንኳ የቀድሞ ጓደኛቸውን ፉጨት ለይተው እንደሚያውቁ አረጋግጧል።

ውኃው ደፍርሶ ዓይን በማይሠራበት ጊዜ ዶልፊን የሚያየው በጆሮው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከግንባሩ የሚለቀው አጭር አጭር ድምፅ ዕቃ ላይ ነጥሮ ይመለሳል፤ የተመለሰውን የሚቀበለው በታችኛው መንጋጋው ውስጥ ያለው ስብ ነው። የሚገርመው ግን በሳራሶታ ያሉት ለማደን ሁልጊዜ ድምፅ አያወጡም። በባሕር ሣር ውስጥ የተደበቁ አንዳንድ ዓሦች ራሳቸው ድምፅ ያሰማሉ። ዶልፊኑ ዝም ብሎ ያዳምጥና ወደ ድምፁ ይሄዳል። ይህንን ማወቁ የሚጠቅመው ለአድናቆት ብቻ አይደለም፤ በሞተር ጀልባ ጩኸት የተሞላ ወሽመጥ ለዚህ እንስሳ ምን ማለት እንደሆነ መገመት ያስችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ትንፋሹ ልውሰዳችሁ፤ ቀጥሎ ለማወራው ታሪክ ቁልፉ እዚህ ነውና። የዶልፊን አፍንጫ አናቱ ላይ ያለች አንዲት ቀዳዳ ናት። ከውኃው ብቅ ሲል ቀዳዳዋን ከፍቶ የተጠቀመበትን አየር በኃይል ያስወጣል፣ አዲሱን ይስባል፣ ይዘጋል። ይህ ሁሉ ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። እኛ ተቀምጠን ስንተነፍስ በሳንባችን ካለው አየር የምንቀይረው ከ10 እስከ 15 በመቶውን ብቻ ነው። ዶልፊን በአንድ ትንፋሽ ከ75 እስከ 90 በመቶውን ይቀይራል፤ ከዚያ የሳበውን አየር ይዞ ይጠልቃል። በእኛ አፍንጫ ውስጥ ጸጉርና የተጠማዘዘ ስስ አጥንት ስላለ አቧራውን ያስቀርልናል። ዶልፊን ይህ ማጣሪያ የለውም። በውኃው ገጽ ላይ ያለው አየር መርዝ ካለበት መርዙ ሳይጣራ ሳንባው ድረስ ይገባል፤ አየሩን ይዞ እስከቆየ ድረስም እዚያው ይቆያል።

ሁለተኛው ልብ ልትሉት የሚገባው ነገር የእናት ወተት ነው። ፒሲቢ የሚባሉ ኬሚካሎች ድሮ በኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ዘይትና በመሳሰሉት ውስጥ ይገቡ ነበር። አሜሪካ ማምረቱን በ1979 አግዳለች፤ ነገር ግን ስለማይበሰብሱ እስከ ዛሬ በባሕር ጭቃ ውስጥ አሉ። ከጭቃው ወደ ትንንሽ ነፍሳት፣ ከእነሱ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣው ወደ ዶልፊን ስብ ይገባሉ፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እየበዙ ይሄዳሉ። በወንዱ ሰውነት ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ሲከማቹ ይኖራሉ። በሴቷ ግን የመጀመሪያ ልጇን እስክትወልድ ድረስ ከተከማቹ በኋላ በድንገት ይቀንሳሉ። የት ሄዱ? የዶልፊን ወተት በስብ የበለጸገ ስለሆነ ለዓመታት የተጠራቀመው መርዝ ከወተቱ ጋር ወደ በኩር ልጇ ያልፋል። በሳራሶታ ከበኩር ልጆች በሕይወት የሚተርፉት ከተከታዮቻቸው ያነሱ ናቸው። የእናትየዋ ልምድ ማነስም ድርሻ ይኖረዋል፤ ቢሆንም እናት ሳታውቀው የምታወርሰው ይህ ሸክም ቀላል ተደርጎ የሚታለፍ አይደለም።

ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ? በሕክምና ምርመራ ነው። በሳራሶታ ምርመራው የሚካሄደው ውኃው ለሰው መቆሚያ በሚሆንበት ቦታ ነው። ጀልባዎች ዶልፊኖቹን በረጅም መረብ ቀስ ብለው ይከባሉ። ሰዎች ውኃው ውስጥ ገብተው እያንዳንዱን ዶልፊን ለብዙ ሆነው ይደግፉታል፤ ከዚያ ወደ ሐኪሞቹ ጀልባ ይወጣና ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ይተኛል። አንዱ በባልዲ እያፈሰሰ ቆዳውን ያረጥባል። ሌላው ዓይኑን ከቀዳዳዋ ሳይነቅል ትንፋሹን ይቆጥራል፤ በተነፈሰ ቁጥር ጮክ ብሎ ለመዝጋቢው ይነግራል። የእንስሳት ሐኪሟ ከጅራቱ ሥር ደም ትወስዳለች፤ ጓደኛዋ የአልትራሳውንድ መሣሪያውን ጎኑ ላይ እያንሸራተተ ሳንባውን ያያል፤ ሴት ከሆነች ማኅፀኗን ያያል። ቁመትና ክብደት ይለካል። ትንፋሹ ካላማረ ምርመራው ይቋረጥና ወዲያው ይለቀቃል። እንዲህ እየተባለ ለዓመታት የተሰበሰበው መዝገብ ጤነኛ የዳርቻ ዶልፊን ደሙ፣ ሳንባው፣ ክብደቱ ምን እንደሚመስል አሳወቀ። ጤነኛውን ሳያውቁ የታመመውን መለየት አይቻልምና ይህ መዝገብ የማታ ማታ ዋጋው እጅግ ከፍ አለ።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ መድረክ ፈነዳ። 11 ሠራተኞች ሞቱ። ከባሕሩ ወለል የሚወጣው ድፍድፍ ነዳጅ ለ87 ቀናት ሳይቆም ፈሰሰ። ዘይቱ ክፉኛ ከደረሰባቸው ቦታዎች አንዱ በሉዊዚያና ግዛት የሚገኘው የባራታሪያ ወሽመጥ ነው። ረግረጉና ሣሩ ጠቁሮ፣ የውኃው ገጽ በዘይት ተሸፈነ። በዚያ ውኃ ውስጥ 2,000 ያህል ቦትልኖዝ ዶልፊኖች ይኖሩ ነበር። አልሄዱም። ሰፈራቸው ነው። ከዘይቱ መሐል ብቅ እያሉ ያንን አየር በአንድ ትንፋሽ እየሞሉ ወደ ታች ይዘውት ወረዱ።

በ2011 ነሐሴ የምርመራ ቡድን ባራታሪያ ገብቶ 32 ዶልፊኖችን መረመረ፤ ውጤቱ ከሳራሶታ ጋር ተነጻጸረ። ከመካከለኛ እስከ ከባድ የሚደርስ የሳንባ ሕመም በባራታሪያዎቹ ላይ በ5 እጥፍ ይበልጣል። ብዙዎቹ ከስተዋል፤ ጥርሳቸው የረገፈም ነበሩ። ወደ ግማሽ የሚጠጉት ጤናቸው አሳሳቢ ወይም ከዚያ የከፋ ነው ተባለ፤ 17 በመቶዎቹ በሕይወት አይቆዩም ተብሎ ተገመተ። ሐኪሞቹን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጣቸው የደም ምርመራው ይመስለኛል። ማንኛውም አጥቢ እንስሳ ሲያዝና ሲደነግጥ ከኩላሊቱ በላይ ያሉት አድሬናል የሚባሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ወደ ደሙ ይለቃሉ። በመረብ ተከበው፣ በሰው እጅ ተይዘው ጀልባ ላይ የወጡት እነዚያ ዶልፊኖች ኮርቲሶላቸው ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። ሰውነታቸው አደጋን የሚመልስበት ኃይል ተዳክሟል ማለት ነው። እንዲህ ያለ እንስሳ በሌላ ጊዜ የሚቋቋመው ቅዝቃዜ፣ ኢንፌክሽን ወይም እርግዝና ሊገድለው ይችላል።

እርግዝናውም ከሸፈ። ምርመራው እርጉዝ መሆናቸውን ካሳየው 10 ሴቶች በሕይወት የሚቆይ ልጅ የወለዱት 2 ብቻ ናቸው። በጤናማው ወሽመጥ ይህ ቁጥር 83 በመቶ ነው። ከ2010 እስከ 2014 በሰሜናዊው የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ከ1,000 በላይ ዶልፊኖችና ዓሣ ነባሪዎች ወድቀው ተገኙ፤ አብዛኞቹ የሞቱ ነበሩ። በ2018 እንደገና ምርመራ ሲደረግ፣ ዘይቱ ከፈሰሰ 8 ዓመት አልፎትም የባራታሪያዎቹ ሳንባ አላገገመም ነበር። ተመራማሪዎች ሲያሰሉት የዚያ ወሽመጥ ዶልፊኖች ቁጥር ወደ ቀድሞው ለመመለስ ከ30 ዓመት በላይ ይወስዳል። አንዲት ሴት በየ3 እና 4 ዓመቱ አንድ ልጅ ብቻ የምትወልድ ከሆነ ከዚህ መፍጠን አይቻልም።

(አጭር ሙዚቃ)

ባራታሪያ ሌላ ፈተናም ነበረበት፤ እሱ ደግሞ ጨው ከሌለው ውኃ የመጣ ነው። ሉዊዚያና ከ1930ዎቹ ወዲህ 5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት በባሕር ተወስዶባታል። አንደኛው ምክንያት ሚሲሲፒ ወንዝ ለጎርፍ መከላከያ በግድብ አጥር መታጠሩ ነው፤ ደለሉን ረግረጉ ላይ መጣል አልቻለም። ስለዚህ አጥሩን ከፍቶ የወንዙን ውኃና ደለል ወደ ባራታሪያ ለማስገባት ታቀደ። ገንዘቡ ሊመጣ የታሰበው በአብዛኛው ከዘይቱ ካሳ ሲሆን ወጪው ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። ዶልፊን ግን ጨው በሌለው ውኃ ውስጥ ለሳምንታት ከቆየ ቆዳው ይቆስላል፣ ቁስሉ ላይ ፈንገስና አልጌ ይበቅላል፣ የደሙ ጨው ይዛባል። በ2019 ከሚሲሲፒ ከፍተኛ ጎርፍ ሲመጣ በባሕረ ሰላጤው ሰሜናዊ ዳርቻ ከ300 በላይ ዶልፊኖች ወድቀው ተገኝተዋል፤ የብዙዎቹ ቆዳ ላይ የታየው ቁስል የጨው አልባ ውኃ ቁስል ነው። አሁንም ሸሽተው አልሄዱም።

ይህን ጉዳይ በቀላሉ መፍረድ ይከብደኛል። መሬት እየጠፋባቸው ያሉት ሰዎች ስጋት እውነት ነው። ረግረጉ ከጠፋ ዶልፊኖቹ የሚበሉት ዓሣ የሚራባበትም ቦታ ይጠፋል። ሽሪምፕና ኦይስተር የሚያጠምዱ ሰዎች ደግሞ ኑሯቸው እንዳይበላሽ ፈርተው ዕቅዱን ተቃወሙ። እኔን የከነከነኝ ግን የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው። አሜሪካ ከ1972 ጀምሮ የባሕር አጥቢ እንስሳትን መግደል፣ ማጥመድና ማስጨነቅ የሚከለክል ሕግ አላት። የሀገሪቱ ምክር ቤት በ2018 ለዚህ ፕሮጀክት ሲባል ያ ሕግ እንዲነሣ አዘዘ፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ ግን የተጠናቀቀው በ2022 ነው። ጉዳቱ ሳይመዘን መከላከያው ተነሣ ማለት ነው። ግንባታው በ2023 ተጀምሮ በ2025 ሉዊዚያና ፕሮጀክቱን ሰርዛዋለች። ረግረጉ መሸርሸሩን ግን አላቆመም።

ጉዳት ሁሉ ከትልልቅ አደጋዎች ብቻ የሚመጣ አይደለም። በሳራሶታ አካባቢ ቤገር የሚባል ወንድ ዶልፊን ነበር። ሰዎች ከጀልባ ላይ ምግብ ስለሚወረውሩለት ማደኑን ትቶ ጀልባ መጠበቅ ለመደ። ተመራማሪዎች በ2011 100 ሰዓት ያህል ቆመው ሲታዘቡት ከ3,000 ጊዜ በላይ ከሰዎች ጋር ሲገናኝ ቆጠሩ። ሽሪምፕ የሰጠው ነበር፤ ቋሊማና ቢራ የሰጠውም ነበር። ሊዳስሱት እጃቸውን የዘረጉ አንዳንዶችን ነክሷል። በ2012 ሞቶ ተገኘ። አስከሬኑ ሲመረመር ሆዱ ውስጥ የዓሣ መንጠቆዎችና የማጥመጃ ገመድ ቁርጥራጭ ነበር፤ አጥንቱ ላይ ጀልባ የገጨው የሚመስል ስብራት ነበር። ምግብ የወረወሩለት ሰዎች እንደሚወዱት ነው የሚያስቡት። ዶልፊን እናት ልጇን እያስከተለች የምታስተምር እንስሳ እንደመሆኗ፣ ለማኝ እናት ልጇን ልመና ታስተምራለች። ችግሩ በአንዱ የማይቆመው ለዚህ ነው። በአሜሪካ የዱር ዶልፊንን መመገብ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ቢያንስ 45 ሜትር ርቆ ማየት ይመከራል።

ቤገርን የመሰሉት የሚበዙት ደግሞ ባሕሩ ራሱ ሲጎድልባቸው ነው። በፍሎሪዳ ምዕራብ ዳርቻ በየጊዜው የሚፈላ፣ ቀይ ማዕበል የሚባል መርዛማ የአልጌ ክምችት አለ። በ2005 ከባድ ሆኖ ሲመጣ የሳራሶታ ዶልፊኖች የሚመገቡት ዓሣ በብዛት አለቀ። ተከትሎ በመጣው ዓመት የተራቡት ዶልፊኖች ከአጥማጆች መንጠቆ ላይ ዓሣ መንጠቅ አበዙ፤ መንጠቆና ገመድ ውጠው የሞቱም ነበሩ። መልካም ዜናም አለ። ፍሎሪዳ በ1995 ትልልቅ የማጥመጃ መረቦችን ከዳርቻዋ ካገደች በኋላ ዓሣው አንሰራርቷል።

በጂዳ፣ በዱባይ፣ በአቡ ዳቢ ወይም በጅቡቲ የምትኖሩ አድማጮቻችን፣ የእናንተም ዳርቻ ዶልፊኖች አሉት። በቀይ ባሕርና በዓረብ ባሕረ ሰላጤ ጥልቀት በሌለው ውኃ የቦትልኖዙ የቅርብ ዘመድ ይኖራል፤ ጀርባው ላይ ጉብታ ያለው ሌላ የዳርቻ ዶልፊንም ይኖራል። ይህ ባለ ጉብታ ዝርያ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ ተመድቧል፤ በአቡ ዳቢ ውኃ ደግሞ በብዛቱ የሚጠቀስ ስብስብ አለው። እነሱንም የሚያገኛቸው ያው የወደብ ቁፋሮ፣ መረብና የጀልባ ብዛት ነው።

ከመሰነባበታችን በፊት አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ። ዳርቻ ላይ የወደቀ ዶልፊን በሕይወት ካገኛችሁ ወደ ባሕሩ መልሳችሁ አትግፉት። ወደ ዳርቻ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ታሞ ወይም ደክሞ ስለሆነ ውኃው ውስጥ ቢመለስ ይሰምጣል፤ ወይም ሌላ ቦታ ወድቆ ይሞታል። መጀመሪያ ለባሕር እንስሳት ነፍስ አድን ቡድን ወይም ለባሕር ጠባቂ ፖሊስ ደውሉ። እስኪመጡ ድረስ ሰዉንና ውሻውን አርቁ፣ ጩኸት ቀንሱ። ጅራቱን ወይም ክንፉን ይዛችሁ አትጎትቱት። ቆዳው በፀሐይ እንዳይሰነጠቅ እርጥብ ጨርቅ አልብሱት፤ ውኃ ስታፈሱበት ግን አናቱ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ጠብቁ፤ ውኃም ሆነ አሸዋ አይግባባት። ሞቶ ካገኛችሁትም ደውሉ፤ ሐኪሞቹ ከአስከሬኑ የሚያገኙት መረጃ በሕይወት ላሉት ይጠቅማል።